ጥንታዊ ቤትን በቅርስነት ማስመዝገብ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ነዋሪ የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ከደሴ ፒያሳ እስከ ሸዋ በር በእግሩ የሚሄድ ሰው "ይሄማ ቅርስ ነው" የሚባልለት ቤት አያጣም። ማመልከቻ የገባለት፣ ቅጽ የተሞላለትና በከተማው ፕላን ላይ ምልክት የተደረገለት ቤት ማግኘት ግን ይከብዳል። ማመልከቻዎች የሚከሽፉት በአብዛኛው በሦስት ምክንያት ነው። ደብዳቤው ስለ ቤቱ ግርማና ስለ ባለቤቱ ደግነት ሁለት ገጽ ይተርክና ቤቱ የት እንዳለ፣ ካርታው በማን ስም እንደወጣ፣ በምን እንደተሠራ አይናገርም። ወይም ማመልከቻው የሚገባው ግድግዳው ላይ ቀይ ቀለም፣ ማለትም የይፍረስ ምልክት፣ ከተቀባ በኋላ ነው። ሦስተኛው ከሁሉም የባሰ ነው፦ ቤቱ በባህልና ቱሪዝም በኩል ይመዘገባል፣ መዝገቡ እዚያው መደርደሪያ ላይ ይቀራል፣ ዶዘር የሚያሰማራው ክፍል ደግሞ የራሱን ካርታ ብቻ ያያል።

ስለዚህ ሥራውን ሁለት አድርጋችሁ ያዙት። የመጀመሪያው ማስመዝገብ ነው፤ ሁለተኛው መዝገቡን ማዘጋጃ ቤት ካርታ ላይ ማስገባት። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ጨርሶ እፎይ ብሎ ይቀመጣል።

## ከመነሳታችሁ በፊት፦ ሕጉና ግዴታው

ማመልከቻ ላይ የምትጠቅሷቸው ሁለት አዋጆች ናቸው፦ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 እና ባህላዊ ቅርሶችን በብሔራዊና በክልል ደረጃ የሚመድበው አዋጅ ቁጥር 839/2006። ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 9 እና አንቀጽ 91 ይበቃሉ። ከዚህ በላይ አንቀጽ አትደርድሩ፤ ፋይሉን የሚያየው ባለሙያ እንጂ ዳኛ አይደለም። "ብሔራዊ ቅርስ ይሁንልን" ብላችሁም አትጀምሩ። ለአንድ የከተማ ቤት ትክክለኛው በር የከተማው ባህልና ቱሪዝም መምሪያ ነው፤ ከዚያ ባሕር ዳር ወዳለው የክልሉ ቢሮ ያድጋል።

ለባለቤቱ ሁሉንም ፊት ለፊት ንገሩት። ቤቱ ስለተመዘገበ አይወረስም፤ ሕጉ ቅርስ በግለሰብ እጅ እንዲቆይ ይፈቅዳል። መሸጥም አልተከለከለም፣ ግን ከመሸጡ በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ ይገባዋል። በሌላ በኩል የመጠበቁ ወጪ የራሱ ነው፤ ያለ ቅድሚያ ፈቃድም ማደስ አይችልም። ወጪው ከአቅሙ በላይ ሲሆን መንግሥት ከፊሉን ሊያግዘው እንደሚችል ሕጉ ይላል፣ ይሁንና በዚያ ተስፋ የሚያፈስ ጣሪያ ሳይጠግን እንዳይቀመጥ። ይህን ሳይሰማ የፈረመ ባለቤት ገዢ በመጣለት ቀን ፊርማውን ያነሳል።

## ደረጃ 1፦ ቤቱ የማን እንደሆነ ለዩ

1. የግል ቤት ከሆነ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታውን ቅጂ ያዙ። ካርታው በሟች ስም ከሆነ የወራሽነት ማስረጃና የሁሉም ወራሾች ፊርማ ያስፈልጋችኋል። ውጭ አገር ያለ ወራሽ በኤምባሲ በኩል ውክልና ይላክ። አንድ ወራሽ ቢያምጽ ማመልከቻውን በድብቅ አታስገቡ፤ ተቃውሞው ፋይሉ ውስጥ ሲገባ ሥራው ሁሉ ይቆማል። መጀመሪያ ሽማግሌ ላኩበት።

2. የቀበሌ ቤት ከሆነ ባለቤቱ መንግሥት ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የተወረሱ ብዙ አሮጌ ቤቶች ዛሬም በቀበሌ ኪራይ የተያዙ ናቸው። ተከራዩ ሐሳቡን ማቅረብ ይችላል፣ የባለቤትነት ፈቃዱን የሚሰጠው ግን ቤቱን የሚያስተዳድረው አካል ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ተከራዩን ራሱን ነው። "ቅርስ ከተባለ ያስወጡኛል" ብሎ የፈራ ሰው በር አይከፍትላችሁም፤ ባለሙያ በመጣ ቀን ቁልፍ ጠፋ ይላል። ቡና ጠጡ፣ አስረዱ፤ ከቻላችሁም የማመልከቻው አካል አድርጉት።

3. የቤተ ክርስቲያን ከሆነ የሰበካ ጉባኤ ቃለ ጉባኤና የሀገረ ስብከት ደብዳቤ፣ የመስጊድ ከሆነ የመስጊዱ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤና የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት ደብዳቤ ይያያዝ።

4. የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም ትምህርት ቤት ግቢ ከሆነ ኃላፊው ራሱ በደብዳቤ ይጠይቅ። እንደ ወይዘሮ ስኂን ያለ አንጋፋ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የትኛው ሕንፃ እንደሚመዘገብ በስም ለዩ፤ "ግቢው" ብቻ ተብሎ አይጻፍ።

## ደረጃ 2፦ ሁለት ቢሮ አስቀድማችሁ ጠይቁ

ባህልና ቱሪዝም፦ ቤቱ ከዚህ በፊት ተመዝግቦ እንደሆነ ጠይቁ። በ2014ቱ ጦርነት ከተማው ሲያዝ መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል፤ ደሴ ሙዚየምም ሳይቀር ተዘርፏል። ስለዚህ "ፋይሉ የለም" ማለት "አልተመዘገበም" ማለት ላይሆን ይችላል። የክልሉ ቢሮና አዲስ አበባ ያለው የቅርስ ባለሥልጣን ቅጂ እንዳላቸው እንዲጠየቅ ከከተማው መምሪያ ደብዳቤ አስጽፉ። አሮጌ የምዝገባ ቁጥር ከተገኘ ግማሹ ሥራ አለቀ።

የከተማ ፕላን፦ ቦታው በመዋቅራዊ ፕላኑ ላይ ለምን አገልግሎት እንደተመደበ፣ መንገድ ወይም የኮሪደር መስመር ይነካው እንደሆነና ስንት ሜትር እንደሚገባበት ጠይቁ። ቤቱ መስመር ላይ ከሆነ በማመልከቻው ላይ በግልጽ ጻፉት። የደበቃችሁት እንደሆነ ምዝገባው ካለቀ በኋላ ከፕላን ክፍል ተቃውሞ ይመጣል፤ ያኔ ባህልና ቱሪዝም ለእናንተ ብሎ ከጎረቤት መሥሪያ ቤት ጋር አይጣላም።

## ደረጃ 3፦ ቤቱን ለኩ፣ ፎቶ አንሱ

ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት ከቀበሌው የፈቃድ ደብዳቤ ያዙ። ባንክ፣ ካምፕ ወይም የጸጥታ መሥሪያ ቤት አጠገብ ከሆነ ለፖሊስም አሳውቁ። ድሮን አታስቡ።

ፎቶ። አራቱን የቤቱን ፊቶች ቀጥ ብላችሁ ቆማችሁ አንሱ፣ ከዚያ ማዕዘኖቹን፣ ከዚያ ደግሞ ጎረቤቶቹና መንገዱ አብረው እንዲታዩ ራቅ ብላችሁ። አንድ ሜትር እንጨት በየ10 ሳንቲሜትሩ ጥቁርና ነጭ ቀብታችሁ ግድግዳው ሥር አቁሙ፤ መጠኑ ከፎቶው ይነበባል። ከውስጥ በሩን፣ መስኮቱን፣ ማጠፊያውን፣ ደረጃውን፣ ወለሉን፣ ኮርኒሱን አንሱ። አቡጀዴ የተወጠረ ኮርኒስ ካለ አቡጀዴው ሳይነቀል ይነሳ።

ከሁሉም የሚጠቅመው ልስኑ የተላጠበት ቦታ ነው። ተጠግታችሁ አንሱት፦ ውስጡ ማገርና ጭቃ ነው ወይስ ድንጋይ? ድንጋዩን የያዘው ጭቃ፣ ኖራ ወይስ ሲሚንቶ ነው? ጭቃው ውስጥ ጭድ ይታያል? ከላይ ስንት ድርብ ቀለም አለ? ብዙ ቤት ላይ ነጭ፣ ከሥሩ ውሃ ሰማያዊ፣ ከዚያም ሥር የኖራው ነጭ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ ይገኛል። ይህ አንድ ፎቶ ከአንድ ገጽ ትረካ ይበልጣል። ነገር ግን "ልይ" ብላችሁ በመዶሻ አትላጡ፤ የተላጠ ቦታ ከሌለ ይቅር።

ልክ። ለሁለት ሆናችሁ በጥቅል ሜትር ለኩ። የውጭ ርዝመትና ወርድ፣ እስከ ክፈፍ ያለው ቁመት፣ በበሩ ላይ የሚታየው የግድግዳ ውፍረት። ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሰያፉንም ለኩ፤ አሮጌ ቤት ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን መስሎ ይታያል እንጂ አይደለም፤ ሰያፉን ካላወቃችሁ ንድፉ አይገጥምላችሁም። በካሬ ወረቀት ላይ 1 ሜትር በ1 ሳንቲሜትር ሳሉ፣ ሰሜንን በቀስት አሳዩ።

አቀማመጥ። በስልካችሁ ጂፒኤስ ቁጥሩን ውሰዱ፣ ግን ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም። ስልክ የሚሰጣችሁ ደብሊው ጂ ኤስ 84 በሚባለው ዓለም አቀፍ የቦታ መለኪያ መነሻ የተለካ ነው። በአገራችን የቆዩ ካርታዎችና ብዙ የይዞታ ሥራዎች ደግሞ አዲንዳን በሚባለው የቆየ መነሻ የተሠሩ ናቸው። የሁለቱ ልዩነት 200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። የስልክ ቁጥር ሳይቀየር አዲንዳን ካርታ ላይ ከተተከለ ምልክቱ የሚያርፈው ሌላ ሰው ቤት ላይ ነው። ከቁጥሩ ጎን "በደብሊው ጂ ኤስ 84፣ በስልክ የተወሰደ" ብላችሁ ጻፉ፤ የማዘጋጃ ቤቱ ቀያሽ ቀይሮ እንዲያስገባው ጠይቁ። ቀያሹ በሜትር የሚለካውን የካርታ መረብ (ዩቲኤም) ዞን ከጠየቃችሁ፣ ደሴም ኮምቦልቻም በዞን 37 ሰሜን ውስጥ ናቸው።

## ደረጃ 4፦ ዕድሜውን በማስረጃ አረጋግጡ

ብዙ ፋይል እዚህ ላይ ይወድቃል። "መቶ ዓመት ያለፈው" የሚል ዐረፍተ ነገር ያለ ማስረጃ ከገባ ባለሙያው የቀረውንም ማመን ያቆማል።

ጽሑፍ ፈልጉ። የበር ጉበን፣ የመሠረት ድንጋይ፣ የጡብ ማኅተም፣ የቆርቆሮ ጀርባ፣ የብረት በር ጥግ። ዓመተ ምሕረት ካገኛችሁ መጀመሪያ የማን አቆጣጠር እንደሆነ ለዩ። ጣሊያን ደሴ የገባው ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ነው፣ ከተማዋ ከእጁ የወጣችው ሚያዝያ 1933። እንግዲህ ግድግዳ ላይ "1938" ቢጻፍ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ በእኛ 1930 ወይም 1931 ነው፣ ማለትም የጣሊያን ዘመን። በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ግን ጣሊያን ከወጣ አምስት ዓመት ሆኖታል። በጣሊያን ዘመን ጽሑፍ ላይ ከዓመቱ ጎን ወይም ብቻውን የሮማ ቁጥር ሊገኝ ይችላል፤ ያ የፋሽስቱ መንግሥት የራሱ አቆጣጠር ነው። አሥራ አምስተኛው ዓመት (XV) ብንወስድ በእኛ ከጥቅምት 1929 አጋማሽ እስከ ጥቅምት 1930 አጋማሽ ያለው ነው።

"የጣሊያን ቤት" የሚለውን ስም አትመኑ። ሰፈርተኛው ድንጋይ ያየበትን ሁሉ የጣሊያን ይለዋል። ከጣሊያን በፊት የተሠሩ የመኳንንት ቤቶች፣ የዓረብ ነጋዴዎች ሱቆች፣ ከ1933 በኋላ በጣሊያን ዘመን ግንበኝነት በተማሩ ሰዎች የተሠሩ ቤቶች ሁሉ በዚያ ስም ይጠራሉ። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ የአሰብ መንገድ ሲሠራ የተተከሉ ቤቶችና በኋላ የተሠሩት ይቀላቀላሉ። ግንባታው ላይ ያያችሁትን ጻፉና ስያሜውን ለባለሙያው ተዉለት።

ከሰው ታሪክ ጋር አስተያዩ። "ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት ነው" ከተባላችሁ ዓመቱን ከሕይወታቸው ጋር አጋጥሙ። ንጉሥ የተባሉት በ1906 ነው፤ ከዚያ በፊት ራስ ነበሩ። በጥቅምት 1909 ሰገሌ ላይ ተማረኩ፣ ወደ ደሴም በንግሥናቸው አልተመለሱም። "በ1915 ንጉሥ ሚካኤል አሠሩት" የሚል ፋይል በመጀመሪያ ንባብ ይወድቃል፣ ምናልባት ቤቱ በእርግጥ የእሳቸው ዘመን ሆኖ እያለ።

አረጋውያንን ስትጠይቁ ዓመት አትጠይቁ፤ ማንም ዓመቱን አያስታውስም፣ ያስታወሰም ይገምታል። በታወቀ ነገር አስታኩ። "እማማ፣ እርስዎ ሲዳሩ ይህ ቤት ነበር? ክዳኑ ሣር ነበር ወይስ ቆርቆሮ?" "ሐጂ፣ ጣሊያን ሲገባ አባትዎ እዚህ ነበር የሚኖሩት?" "የ66ቱ ድርቅ ጊዜ ይህች ሰገነት ነበረች?" መልሱን በወረቀት ገልብጡ፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ ከቤቱ ጋር ያላቸው ግንኙነት፣ ቀን፣ ፊርማ ወይም የአውራ ጣት አሻራ ይኑረው። ቢያንስ ሁለት ዝምድና የሌላቸው ሰዎች ይሁኑ። ምስክሮቹ ቢጋጩ ሁለቱንም አያይዙ። አንዱን መደበቅ በኋላ ያጋልጣችኋል፤ መጋጨቱ ራሱ ብዙ ጊዜ ቤቱ በሁለት ጊዜ መሠራቱን ያሳያል።

ወረቀት። አሮጌ የግብር ደረሰኝ፣ የውሃና የመብራት ውል፣ የሽያጭ ውል፣ የኪራይ ደብተር፣ ከበስተጀርባ ቤቱ የሚታይበት የሠርግ ፎቶ። ዋናውን ለማንም አትስጡ።

## ደረጃ 5፦ ማመልከቻውን ጻፉ

ከአንድ ገጽ አይለፍ። ዝርዝሩ በአባሪ ይግባ። ቅርጹ እንዲህ ነው፦

> ለ… ከተማ አስተዳደር ባህልና ቱሪዝም መምሪያ
>
> ጉዳዩ፦ ጥንታዊ ቤት በማይንቀሳቀስ ቅርስነት እንዲመዘገብ ስለመጠየቅ
>
> በ… ክፍለ ከተማ፣ ቀበሌ …፣ የቤት ቁጥር …፣ የካርታ ቁጥር … የሆነው ቤት በ… ዘመን እንደተሠራ በአባሪ 1 የቀረበው ማስረጃ ያሳያል። ግድግዳው …፣ ክዳኑ …፣ ወለሉ … ሲሆን፣ ከመጀመሪያው አሠራሩ ሳይለወጡ የቀሩት ክፍሎች … ናቸው። ኋላ የተለወጡት … ናቸው።
>
> ቤቱ … በመሆኑ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ባለሙያ ተመድቦ እንዲጠና፣ እንዲመዘገብና ውጤቱ ለከተማ ፕላን፣ ለይዞታ አስተዳደርና ለግንባታ ፈቃድ ክፍሎች በጽሑፍ እንዲገለጽ እንጠይቃለን።
>
> የቤቱ ወቅታዊ ስጋት፦ …

"ቤቱ … በመሆኑ" የሚለው ክፍት ቦታ ላይ አንድ ምክንያት ጻፉ፣ ቢበዛ ሁለት፦ ወይ ከታወቀ ሰው ወይም ድርጊት ጋር ያለው ግንኙነት፣ ወይ የአሠራር ጥበቡ፣ ወይ ከሰፈሩ የቀረ ብቸኛ ናሙና መሆኑ። አምስት ምክንያት የደረደረ ማመልከቻ አንዱንም አያሳምንም። የተለወጠውን መናገር አትፍሩ፤ መስኮቱ ወደ ሱቅ በር እንደተቀየረ ባለሙያው መጥቶ ያየዋል። "ስጋት" የሚለው መስመርም ባዶ አይቅር፦ የመንገድ ሥራ፣ የጎረቤት ቁፋሮ፣ ያዘመመ ግድግዳ፣ ያለው ይጻፍ።

## ደረጃ 6፦ አስገቡ፣ ተከታተሉ

1. ከግልባጮቹ ሌላ በሦስት ቅጂ አዘጋጁ። አንዱ ለመምሪያው፣ አንዱ ለእናንተ፣ አንዱ ለመጠባበቂያ።
2. ለባለሙያው በእጅ አትስጡ። መዝገብ ቤት ገቢ አድርጉ፤ የገቢ ቁጥሩና ቀኑ በእናንተ ቅጂ ላይ በማኅተም ይውረድ። ቁጥር የሌለው ማመልከቻ ያልገባ ማመልከቻ ነው።
3. ለከንቲባ ጽሕፈት ቤት፣ ለከተማ ፕላን፣ ለቀበሌውና ለክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ግልባጭ አድርጉ።
4. ፋይሉን የያዘውን ባለሙያ ለዩ፣ በየሳምንቱ ጠይቁ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ሁልጊዜም ስብሰባ ላይ ናቸው። ጉዳያችሁ ያለው ባለሙያው ጠረጴዛ ላይ ነው።

"ባለሙያ የለንም" ከተባላችሁ መምሪያው ለወሎ ዩኒቨርሲቲ የትብብር ደብዳቤ እንዲጽፍ ጠይቁ። የታሪክ መምህራን ለዘመኑ፣ ከኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚመጡ መሐንዲሶች ለግንባታው ይረዳሉ። ደብዳቤው ከመምሪያው ይውጣ፤ እናንተ በግል ያስጠናችሁት "የባለጉዳይ ጥናት" ተብሎ ይቀመጣል።

መልስ ከጠፋ የገቢ ቁጥሩን ጠቅሳችሁ ለክልሉ ቢሮ ጻፉ። እዚያም ዝም ከተባለ ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ይቻላል።

## ደረጃ 7፦ ባለሙያዎች ሲመጡ

ቤቱን ቀለም አትቀቡ፣ ግድግዳ አትለስኑ፣ እንግዳ መጣ ብላችሁ አሮጌውን በር አትቀይሩ። ቁልፎቹ ሁሉ ይገኙ፣ ቤቱን የሚያውቅ አንድ ሰው ይኑር፣ መሰላል ተዘጋጅቶ ይጠብቅ።

የማይንቀሳቀስ ቅርስ መመዝገቢያ ቅጹን ከመሄዳቸው በፊት አብራችሁ አንብቡ። የቤት ቁጥር፣ ቀበሌ፣ የባለቤት ስም፣ የአቀማመጥ ቁጥሩ አንድ በአንድ ይታይ። ከሁሉም በላይ ወሰኑን ተመልከቱ። ቅጹ "ዋናው ቤት" ብቻ ካለ ማድ ቤቱ፣ የግቢው በርና የድንጋይ አጥሩ ውጭ ቀሩ ማለት ነው። ደሴ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከተማው ተዳፋት ነው፣ መሬቱም ይንሸራተታል፤ የግቢው የድንጋይ ካብ ብዙ ጊዜ ከላይ ያለውን ቤት ደግፎ የያዘ ነው። ካቡ ካልተመዘገበ ከሥር ያለው ጎረቤት ለጂ+4 መሠረት ሲቆፍር ቅርሱን ሳይነካ ቅርሱን ይጥለዋል። ካቡ በስም ይጻፍ።

## ደረጃ 8፦ መዝገቡን ወደ ካርታው ውሰዱ

የምዝገባ ደብዳቤው ወጣ። አሁን ነው ሁለተኛው ሥራ የሚጀምረው። ባህልና ቱሪዝም ለሚከተሉት ክፍሎች በየስማቸው ደብዳቤ እንዲጽፍ አድርጉ፤ "ለሚመለከተው ሁሉ" የሚል ደብዳቤ ማንንም አይመለከትም።

- ከተማ ፕላን፦ ቤቱና ወሰኑ በፕላኑ ላይ በቅርስነት ምልክት እንዲደረግበት።
- ይዞታ አስተዳደር፦ የምዝገባ ደብዳቤው በቦታው ማህደር ውስጥ እንዲያያዝ። ካርታ ሲታደስ ወይም ስም ሲዛወር እንዲታይ።
- ግንባታ ፈቃድ፦ ለዚያ ቦታም ሆነ ለአጎራባቹ ፈቃድ ሲጠየቅ አስቀድሞ ባህልና ቱሪዝም እንዲጠየቅ።
- መሠረተ ልማት፦ የመንገድ፣ የውሃና የፍሳሽ ቁፋሮ ሲታቀድ እንዲታወቅ።
- ቀበሌው፦ ግልባጭ።

ደብዳቤዎቹን ራሳችሁ አድርሱ፣ በየመዝገብ ቤቱ ገቢ አስደርጉ። ከዚያ የፕላን ባለሙያው ኮምፒውተሩ ላይ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። በትህትና ነው፦ "ቦታው ላይ መዋሉን ብናይ"። ምልክቱ መንገድ ማዶ ወድቆ ካያችሁት ያ የአዲንዳን ጉዳይ ነው፣ እዚያው ይታረም።

አዲስ ፕላን ወይም የኮሪደር ንድፍ ለውይይት ሲቀርብ ተገኙ። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ሕዝቡ በፕላን ዝግጅት እንዲሳተፍ ያደርጋል። ስብሰባው ላይ እጅ አውጥታችሁ የተናገራችሁት ቃለ ጉባኤ ላይ ላይሰፍር ስለሚችል በጽሑፍም አስገቡ። አሮጌው ፕላን ላይ የነበረ ምልክት ወደ አዲሱ በራሱ አይዛወርም።

## ቀይ ቀለም ከተቀባ

በዚያው ቀን የሚሠራ ሥራ ነው።

1. ምልክቱን ከነቀኑ ፎቶ አንሱ። ከሠራተኞቹ ጋር አትጨቃጨቁ፣ ዶዘር ፊትም አትቁሙ።
2. የማስነሻ ውሳኔውን በጽሑፍ ጠይቁ። ለባለይዞታው የደረሰ ደብዳቤ ካለ የደረሰበትን ቀን ጻፉ፤ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ለአቤቱታ ሰሚው የሚቀርብ ቅሬታ የጊዜ ገደብ አለው፣ የሚቆጠረውም ከዚያ ቀን ነው።
3. ለባህልና ቱሪዝምና ለከንቲባ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ አስገቡ፣ ለክልሉ ቢሮና ለቅርስ ባለሥልጣን ግልባጭ ላኩ፣ ስልክም ደውሉ። የምትጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ መምሪያው ራሱ "ጥናቱ እስኪያልቅ ይቆይ" የሚል ደብዳቤ ለማዘጋጃ ቤት እንዲጽፍ። ከእናንተ አሥር ደብዳቤ የእሱ አንድ ይበልጣል።
4. ባለቤት ወይም ሕጋዊ ባለይዞታ ከሆናችሁ በጠበቃ በኩል ፍርድ ቤት የእግድ ትእዛዝ መጠየቅ ይቻላል። የሰፈር ሰው ብቻ ከሆናችሁ ባለመብቱን ይዛችሁ ሂዱ።
5. ሁሉም ካልተሳካ መለካትና ፎቶ ማንሳቱን ጨርሱ። ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ፣ በር፣ መስኮትና ደረጃ በባለሙያ ፊት በርክክብ ሰነድ እንዲነሳ ጠይቁ። ለቆራሌ ከተሸጠ አይመለስም።

## መልስ እስኪመጣ ቤቱን ማቆየት

መዝገቡ ሳያልቅ ክረምት ይመጣል። የደሴ ሐምሌ ጭቃ ቤትን አይምርም።

ያለ ፈቃድ ማድረግ የምትችሉት ቤቱን የማይለውጥ ጊዜያዊ መከላከያ ብቻ ነው፦ የሚያፈሰውን በሸራ ወይም በላስቲክ መሸፈን፣ አሸንዳውን መጥረግ፣ ከግድግዳው ሥር ውሃ እንዳይቆም ቦይ ማውጣት፣ ያዘመመውን በእንጨት መደገፍ። ቦዩን ከግድግዳው ራቅ አድርጉት፤ መሠረቱን ተጠግቶ የተቆፈረ ቦይ ከዝናቡ የባሰ ነው። ከመንካታችሁ በፊትም በኋላም ፎቶ አንሱ፣ ያደረጋችሁትን በአንድ መስመር ለመምሪያው አሳውቁ።

ጭቃ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ አትለስኑ። ጠንካራ ይመስላል፣ ግን ውስጥ የገባውን እርጥበት አፍኖ ይይዘዋል፤ ጭቃው ከኋላ እየረጠበ ይሟሟል፣ ማገሩ ይበሰብሳል፣ ከጥቂት ክረምት በኋላ ሲሚንቶው እንደ ቅርፊት ተገንጥሎ ይወድቃል። ቀደም ሲል ሲሚንቶ የተለሰነ ካለም በራሳችሁ አትንቀሉ፤ ጭቃውን ይዞ ይመጣል። ፈቃድ ሲገኝ የሚለሰነው በጭድ ተቦክቶ በደንብ የቆየ ጭቃ ነው፣ ላዩም ኖራ።

ምዝገባው ካለቀ በኋላም በየዓመቱ ጥቅምት ላይ፣ ዝናቡ እንዳበቃ፣ መጀመሪያ ፎቶ ያነሳችሁባቸው ቦታዎች ላይ ቆማችሁ እንደገና አንሱ። አዲስ ስንጥቅ ካለ ጫፉ ላይ በእርሳስ ቀኑን ጻፉ፤ በዓመቱ ማለፉና አለማለፉ ይታያል። አንዱን ቅጂ በምዝገባ ቁጥሩ ለመምሪያው ገቢ አድርጉ። ፋይሉን የያዘው ባለሙያ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሮ ከሆነ ተተኪው ስለ ቤቱ መጀመሪያ የሚሰማው ከዚህ ወረቀት ነውና፣ የምዝገባ ደብዳቤውንም ቅጂ አብራችሁ አያይዙለት።